«ሆድ ይፍጀው» የተባለው ሕመም

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፡፡ እነዚሁ አበው ግን ሰው ገመናውን አደባባይ እንዳያወጣ ሲመክሩ «ሆድ ይፍጀው» ይላሉ፡፡ ሁለት ሕጎች ሲጋጩ የትኛው ይጸናል ብሎ መጠየቅ የሕግ ትምህርት ያስለመደኝ ነገር ነው፡፡ እስከ ዛሬ እንደታዘብኩት፣ ሕመሙ ወባ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ሲሆን የመጀመሪያው አባባል ይሠራል፡፡ ሕመሙ የመንፈስ ሲሆን ግን ሁለተኛው ይረታል፡፡ የዛሬው ጽሑፌ ብዙዎቻችን ሆድ ይፍጀው ብለን ስለተውነው፣ የሕክምና ባለሙያዎች «ድባቴ» ስለሚሉት ሕመም ነው፡፡ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ሕመሙ የምጽፈው ባለሙያዎች አጥንተው ያረጋገጡትን ነው፡፡ ከራሴ ሙያ የምጨምረው ሕጋችን ስለ ታማሚው ምን እንደሚል ነው፡፡

«ደበረኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ አንድ ወጥመድ አለበት፡፡ ዝናብ ሲያባራ ቢያስቸግር ይደብረናል፡፡ ስብሰባ ሲረዝም ይደብረናል፡፡ የምንደግፈው ቡድን ሲሸነፍም ይደብረናል፡፡ ለሦስት ሳምንት ከአልጋው መነሣት ያቃተው ሰውም ያለው ቃል ይኸው ነው፤ «ደብሮኛል» ይላል፡፡ ሰሚው ታዲያ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ወጣ በል፣ ተዝናና፣ ይለፍልሃል» ይለዋል፡፡ ባለሙያዎች «ድባቴ» የሚለውን ቃል ማዘውተር የጀመሩት ይህን ልዩነት ለማሳየት ነው፡፡

ድባቴን ከዕለት ተዕለት መከፋት የሚለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፡፡ አንደኛው ርዝመቱ ነው፤ ቢያንስ ለሁለት ሳምንታት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይዞ ይቆያል፡፡ ሁለተኛው ስፋቱ ነው፤ አንድ ምልክት ብቻ ሳይሆን ብዙ ምልክቶች አብረው ይመጣሉ፡፡ ሦስተኛው ሥራ ማስፈታቱ ነው፤ ሰውየው በቢሮው፣ በቤቱ ወይም በማኅበራዊ ኑሮው እንደ ወትሮው መሆን ያቅተዋል፡፡

ሐኪሞች የሚጠይቋቸው ምልክቶች ዘጠኝ ናቸው፡፡ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዋነኞቹ ናቸው፤ የማይለቅ የከፋት ወይም የባዶነት ስሜትና ቀድሞ ያስደስት ለነበረ ነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት፡፡ ሌሎቹ ሰባቱ የሚከተሉት ናቸው፤ እንቅልፍ ማጣት ወይም ከልክ በላይ መተኛት፣ የምግብ ፍላጎት ወይም የክብደት መለወጥ፣ ያለ በቂ ምክንያት ድካም፣ ሐሳብ መሰብሰብና መወሰን ማቃት፣ ራስን የማይረባ አድርጎ ማየት ወይም ያለ አግባብ ራስን መውቀስ፣ ሰው በሚያስተውለው መጠን መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ፣ በመጨረሻም ስለ ሞት ደጋግሞ ማሰብ፡፡ ከዘጠኙ አምስት ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት፣ ከሁለቱ ዋና ዋናዎች ቢያንስ አንዱን ጨምሮ፣ ለሁለት ሳምንት አብረው ሲገኙ ሐኪሞች ድባቴን ይጠረጥራሉ፡፡ እነዚህኑ ምልክቶች የሚጠይቅ አጭር መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ፣ በአዲስ አበባ የሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ጠቃሚነቱ ተረጋግጧል፡፡

እዚህ ላይ ሐዘንን ከድባቴ መለየት ያስፈልጋል፡፡ ወላጁን የቀበረ ሰው ቢያለቅስ፣ ምግብ ቢያስጠላው፣ እንቅልፍ ቢያጣ ወግ ነው፡፡ ባህላችን ለሐዘን ብዙ ነገር አዘጋጅቶለታል፡፡ ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ንፍሮና እንጀራ ይዞ ይመጣል፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ይቆጠራል፡፡ ለድባቴ ግን ድንኳን አይተከልም፤ የእድር ጥሩምባም አይነፋለትም፡፡ ታማሚው ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ሆኖ ሳለ ለቅሶ ደራሽ የለውም፡፡ ሐዘኑም ቢሆን ወራት አልፈውት ከማገገም ይልቅ እየባሰ፣ ሰውየውም ራሱን እየጠላ ከሄደ ሐኪም ማማከር ይገባል፡፡

ሕመሙ በሌላ ስም ሲመጣ

የሕመሙ ሌላው አስቸጋሪ ጠባይ በአካል በኩል መምጣቱ ነው፡፡ አንድ ወዳጄ አለ፤ የቀራንዮ ነዋሪ፣ በሒሳብ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ሰው ነው፡፡ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየነቃ እስኪነጋ ጣሪያ ማየት ጀመረ፡፡ ኪሎው ቀነሰ፡፡ ራሱን ያመዋል፣ ሆዱን ያቃጥለዋል፣ ደረቱን ያፍነዋል፡፡ አንዱ ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለው፡፡ ሌላው ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ብሎ መርፌ አዘዘለት፡፡ ራጅም አልትራሳውንድም ታየ፡፡ ወራት እንዲህ ካለፉ በኋላ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም የምርመራ ወረቀቶቹን ሁሉ ወደ ጎን አድርገው «ድሮ ያስደስትዎ የነበረው ነገር አሁንም ያስደስትዎታል?» ብለው ጠየቁት፡፡ ወዳጄ መልስ አልሰጠም፤ አለቀሰ፡፡ ምርመራው ያኔ ተጀመረ ማለት ይቻላል፡፡ ወደ አእምሮ ሐኪም ተልኮ ሕክምናውን በጀመረ በሁለተኛው ወር ገደማ ቅዳሜ ጠዋት የልጁን ኳስ ጨዋታ ለማየት መውጣቱን ሲነግረኝ፣ ከየትኛውም የላቦራቶሪ ውጤት ይልቅ ያ አስደሰተኝ፡፡

የእርሱ ታሪክ ብቸኛ አይደለም፡፡ በአገራችን በጤና ጣቢያዎች የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ድባቴ ይዟቸው ለሕክምና ከሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ሕመማቸው ሳይታወቅላቸው ይመለሳሉ፡፡ ታካሚው ስለ ራስ ምታቱ ይናገራል፣ ሐኪሙም ራስ ምታቱን ያክማል፡፡ ወንዶች ዘንድ ደግሞ ሕመሙ በቁጣና በመጠጥ ይሸፈናል፡፡ ቤተሰቡ «ጠባዩ ተበላሸ» ይላል እንጂ «ታመመ» አይልም፡፡ በአራስ እናቶችም ላይ እንዲሁ ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ነፍሰ ጡር ከሆኑና በቅርቡ ከወለዱ ሴቶች ከመቶ ከአሥር የሚበልጡት ድባቴ ያጋጥማቸዋል፡፡ እኛ ዘንድ ግን ቤቱ በገንፎና በእልልታ ስለሚሞላ፣ አራሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ብታለቅስ የሚጠይቃት ጥቂት ነው፡፡

ለምን አናየውም? የአእምሮ ሕመም ሲባል ዓይናችን ፊት የሚመጣው ሥዕል የተሳሳተ ስለሆነ ነው፡፡ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አድርገውት እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ነዋሪዎቹ የአእምሮ ሕመም ምልክት ብለው በብዛት የጠቀሱት መለፍለፍን፣ ጠበኝነትንና እንግዳ ጠባይን ነበር፡፡ ለአካል ሕመም ዘመናዊ ሕክምናን፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ባህላዊውን መንገድ ይመርጡ ነበር፡፡ ጥናቱ የተደረገው በገጠር ነው፤ ነገር ግን ባለ ዲግሪው የከተማ ሰው ከዚህ ሥዕል ነፃ ወጥቷል ብዬ ለመከራከር አልደፍርም፡፡ ድባቴ የያዘው ሰው አይለፈልፍም፤ ዝም ይላል፡፡ ድንጋይ አይወረውርም፤ ስልኩን ያጠፋል፡፡ ከረባቱን አስሮ፣ ጫማውን አስጠርጎ ቢሮ ይገባል፡፡ ስለዚህ ማንም አያየውም፤ እርሱም ራሱን አያየውም፡፡

ከዘነበወርቅ የምንማረው

የኀፍረትን ጉዳይ ለመረዳት ለእኛ ለኮልፌ ቀራንዮ ሰዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፡፡ እዚሁ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ዋና ተግባሩ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነበር፡፡ በዚያ ዘመን የሥጋ ደዌ ታማሚ ከዘመድ ይለያል፣ የትዳር ጓደኛ ያጣል፣ ከቀዬው ተሰዶ በሆስፒታሉ ዙሪያ ይሰፍር ነበር፡፡ ሕመሙ የእርግማን ወይም የዘር ነው ይባል ነበር፡፡ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተስፋፋው የተቀናጀ የመድኃኒት ሕክምና ግን በሽታውን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ የሚድን አደረገው፡፡ መድኃኒቱ ደረሰ፤ ኀፍረቱ ግን በሽታውን ተከትሎ ወዲያው አልወጣም፡፡ በመፍራት ዘግይተው የመጡት ሰዎች ጣታቸውንና የዓይን ብርሃናቸውን ያጡት መድኃኒት ባለበት ዘመን ነው፡፡

ሁለቱን ሕመሞች በአንድ ላይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በዚሁ በአለርት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት፣ የአእምሮ ጭንቀት በሥጋ ደዌ ታካሚዎች ላይ ከሌሎች የቆዳ ሕመም ታካሚዎች በብዙ እጥፍ በልጦ መገኘቱን አሳይቷል፡፡ መገለል ራሱ ያሳምማል ማለት ነው፡፡ ዛሬ ድባቴ ያለበት ሰው የሚገኘው የሥጋ ደዌ ታማሚ ያኔ በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ አለ፣ መንገዱን የዘጋው ኀፍረት ነው፡፡

የተማረ ሰው ፍርሃትና የሕጉ መልስ

ከዚህ ጋዜጣ አንባቢያን ብዙዎቹ ባለሙያዎች ናቸው፡፡ ባለሙያ የሚፈራው ደግሞ የታወቀ ነው፡፡ «ቢታወቅብኝ ከሥራ እባረራለሁ፤ ፋይሌ ላይ ይጻፋል፤ ፊርማዬ ዋጋ ያጣል፤ አማኑኤል ሄደ እባላለሁ፡፡» «አማኑኤል ግባ» የሚለው ንግግር በከተማችን ስድብ ሆኖ መቆየቱን ማንም ያውቃል፡፡ እነዚህን ፍርሃቶች አንድ በአንድ ከሕጉ ጋር እናስተያያቸው፡፡

ምስጢሬ ይወጣል የሚለውን እናንሣ፡፡ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399፣ ሐኪሞችን ጨምሮ በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር የሚገልጡ ባለሙያዎችን ይቀጣል፡፡ ሕጉ የሚፈቅዳቸው ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ነገር ግን ለአለቃ ማውራትና ለዘመድ መንገር ከእነርሱ ውስጥ አይደሉም፡፡

ሥራዬን አጣለሁ የሚለውን ደግሞ እንይ፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ምክንያት መሥራት ሲያቅተው በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፡፡ በአንቀጽ 86 መሠረት የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው፡፡ አዋጁ «ሕመም» ሲል የሳንባንና የአእምሮን ሕመም አልለያየም፡፡ ተገቢውን የሕክምና ማስረጃ ያቀረበ ሰው መብቱ እኩል ነው፡፡ አብዛኞቹ የድባቴ ታካሚዎች ደግሞ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ይታከማሉ፡፡

ፊርማዬ ዋጋ ያጣል ለሚለውም መልስ አለ፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መነሻው ሰው ሁሉ ችሎታ አለው የሚል ነው፡፡ አንድን ሰው በአእምሮ ጤና ምክንያት ከሕጋዊ ተግባር የሚከለክለው የፍርድ ቤት ውሳኔ እንጂ የክሊኒክ ካርድ አይደለም፡፡ ካርድ አውጥቶ ሐኪም ያማከረ ሰው ውሉም፣ ኑዛዜውም፣ ውክልናውም በዚህ ብቻ አይነካም፡፡

አንድ ልጨምር፡፡ ራሱን ለማጥፋት የሞከረን ሰው የወንጀል ሕጋችን አይቀጣም፡፡ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ለዚህ የገፋፋውን ወይም የረዳውን ነው፡፡ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ሙከራው ራሱ በወንጀል የሚያስቀጣ ድንጋጌ ነበር፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ የወሰነው ገና እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፡፡ እኛ ዘንድ ፖሊስን ፈርቶ ከሆስፒታል መቅረት ምክንያት የለውም፡፡

ወዴት ይኬዳል? እዚያስ ምን ይሆናል?

በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፡፡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ያኔ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፡፡ ዛሬ ቁጥራቸው ለሕዝባችን አሁንም በቂ ባይሆንም በሩ አንድ ብቻ አይደለም፡፡ ከአማኑኤል ሌላ እንደ ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱ ባሉ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በግል የሚሠሩ ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም አሉ፡፡ መነሻው ግን ከዚህም የቀረበ ሊሆን ይችላል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ፕሮግራም የአእምሮ ሕክምና በተራ ጤና ጣቢያ እንዲሰጥ የሚያደርግ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ተግባራዊ ካደረጉት አገሮች አንዷ ናት፡፡ ስለዚህ በአቅራቢያችን ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ወደምናውቀው ጠቅላላ ሐኪም ሄዶ «ድባቴ ይሆን ብዬ ነው የመጣሁት» ማለት በቂ ጅማሬ ነው፡፡ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከታይፎይድ ምርመራ ዙረት ታድናለች፡፡

ሐኪሙ መጀመሪያ ይጠይቃል፤ ያዳምጣል፡፡ የደም ማነስ፣ የእንቅርት እጢ ችግር ወይም የሚወሰድ ሌላ መድኃኒት ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያመጡ ምርመራ ሊያዝ ይችላል፡፡ ሕመሙ ቀላል ከሆነ የንግግር ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል፡፡ ጠንከር ሲል መድኃኒት ይታዘዛል፤ በአገራችን ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን በሰፊው ይታወቃሉ፡፡ ስለ መድኃኒቶቹ ሦስት ነገሮች ማወቅ ይጠቅማል፡፡ ሱስ አያስይዙም፡፡ ቶሎ አይሠሩም፤ ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአፍ መድረቅ ወይም ማቅለሽለሽ ሊያስቸግር ይችላል፡፡ ሦስተኛው፣ ተሻለኝ ተብሎ በራስ ፈቃድ አይቋረጡም፤ ሕመሙ እንዳይመለስ ከተሻለ በኋላም ለወራት ይወሰዳሉ፤ የሚያቆማቸውም ሐኪሙ ነው፡፡

እምነትን በተመለከተ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ የሚል ክርክር አያስፈልግም፡፡ ጠበል የሚጠመቅም፣ ቁርኣን የሚቀራለትም፣ ጸሎት የሚደረግለትም ሰው መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ ይችላል፡፡ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው ይታወሳል፡፡ ለኤችአይቪ የሠራው አስተሳሰብ ለድባቴም ይሠራል፡፡ የሚጎዳው «ጠበል ከጀመርክ ክኒኑን ጣል» የሚለው ምክር ነው፡፡

ድፍረት ሲባል

ብዙ ሰው ድፍረት ሲባል ሕመሙን ለዓለም ማወጅ ይመስለዋል፡፡ ይህን ማንም አልጠየቀም፡፡ የሚያስፈልገው ድፍረት ከዚህ ያነሰ ነው፤ ለአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ በቀላል ቃል መናገር፡፡ «ሁለት ሳምንት አልፎኛል፤ እንቅልፍ የለኝም፤ ምንም ነገር አያስደስተኝም፤ ሐኪም ዘንድ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» ማለት ይበቃል፡፡ ፊት ለፊት ለመናገር ያቃተው በስልክ መልእክት ይጻፈው፡፡ ሐኪም ፊት ቃል እንዳይጠፋውም ምልክቶቹን በወረቀት ይዞ ይሂድ፡፡ ድባቴ ራሱ የመወሰንን ጉልበት ስለሚነጥቅ «ነገ እሄዳለሁ» የሚለው ቀጠሮ በቀላሉ ይራዘማል፡፡ ለዚህ ነው አብሮ የሚሄድ ሰው የሚያስፈልገው፡፡

የተነገረውም ሰው ኃላፊነት አለበት፡፡ «አንተ ምን ጎደለህ?»፣ «ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ?»፣ «ከአንቺ የባሰ ስንት አለ» የሚሉት መልሶች በሩን መልሰው ይዘጋሉ፡፡ የተሻለው መስማት ነው፤ ከዚያም ቀጠሮ መያዝ፣ ታክሲ አብሮ መሳፈር፣ በሳምንቱ ደውሎ መጠየቅ፡፡ ታማሚው ኑሮ እንደሰለቸው ከተናገረ፣ ንብረቱን ማከፋፈል ወይም መሰናበት ከጀመረ ደግሞ በግልጽ ይጠየቅ፤ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ይባል፡፡ ይህን መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ እንዲያውም ብዙዎች የተሸከሙትን ለማውረድ የሚጠብቁት ይህንኑ ጥያቄ ነው፡፡ መልሱ አዎን ከሆነ ብቻውን አይተው፤ መርዝና መድኃኒት፣ ገመድና መሣሪያ ከአጠገቡ ይራቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700 ሺሕ በላይ ሰዎች ራሳቸውን እንደሚያጠፉ ይገልጻል፡፡ ይህ ቁጥር ውስጥ ሳይገቡ የቀሩ ብዙዎች አሉ፤ የቀሩትም አንድ ሰው በጊዜው ስለጠየቃቸው ነው፡፡

በዓለም ላይ ከ280 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ከድባቴ ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል፡፡ ከእነዚህ አንዱ የሥራ ባልደረባዎ፣ ባለቤትዎ ወይም ይህን እያነበቡ ያሉት እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ፡፡ ከላይ የዘረዘርኳቸውን ዘጠኝ ምልክቶች ሲያነቡ በጣትዎ እየቆጠሩ ከነበረና አምስት ላይ ከደረሱ፣ ይህን ጽሑፍ ወደ ጎን ያድርጉት፤ ለሚያምኑት አንድ ሰው አሁኑኑ ይደውሉ፤ የሳምንቱ መጀመሪያ ሳይደርስም የሐኪም ቀጠሮ ይያዙ፡፡